ትንሹ አውሮፕላን ከትልቁ በፊት በረረ
በእጅ የሚሠሩ የአውሮፕላን ሞዴሎች ታሪክና ለቤተሰቦቻችን ያለው ትምህርት



እኛ አውሮፕላንን የምናውቀው እንደ ሌላው ሕዝብ አይደለም። ለብዙዎቻችን አውሮፕላን ማለት አያቶቻችን ሲመኙት የኖሩት ነገር የተፈጸመበት መንገድ ነው። በግንቦት ወር 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ አውሮፕላን ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ስለዚያ ጉዞ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ይኸውም ሰው ከእንጨት፣ ከወረቀትና ከላስቲክ በገዛ እጁ የሚሠራው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ወይም ሜዳ ላይ የሚወረወረው ትንሽ አውሮፕላን ነው። በዕብራይስጥ የሚበረውን "ቲሳን" ይሉታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ርዕስ የመረጥነው በምክንያት ነው። በማኅበራዊ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ከወላጆች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። "ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ ካርቶን ሲቆርጥ፣ እንጨት ሲጠርብ ይውላል። ይህ ምን ይጠቅመዋል?" ይሉናል። ከዚህ ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ ጥልቅ ስሜት አለ። አባቶቻችን ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ግንበኞች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በዚያም ሙያቸው "ጠይብ" ወይም "ቡዳ" እየተባሉ ተንቀው ኖረዋል። እንግዲህ አንድ አባት "እኔ በእጅ ሥራዬ ተሰድቤ ኖሬያለሁ፤ ልጄ ግን ዶክተር ወይም መሐንዲስ ይሁንልኝ እንጂ እንጨት ጠራቢ እንዲሆን አልፈልግም" ቢል ልንፈርድበት አይገባም። ነገር ግን የአውሮፕላን ታሪክ ራሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላለው፣ ታሪኩን በቅደም ተከተል እናንሣው።

ከባዶ መነሣት ማለት ምን ማለት ነው?

የአውሮፕላን ሞዴል በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ከሱቅ በሣጥን ተገዝቶ የሚመጣው ነው። ክፍሎቹ ሁሉ ተቆርጠው የተዘጋጁ ስለሆኑ የሠሪው ሥራ ማጣበቅና ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከባዶ መነሣት ነው። ሠሪው በእጁ ያለው የአውሮፕላኑ ሥዕልና አንድ ቁራጭ እንጨት ብቻ ነው። ሥዕሉ አውሮፕላኑን ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የሚያሳይ ሦስት ገጽ አለው። ሠሪው ትክክለኛውን አውሮፕላን ይለካል ወይም ልኩን ከመጽሐፍ ያገኛል፤ በመረጠው መጠን አካፍሎ ያሳንሰዋል፤ በካርቶን ላይ ነድፎ ቅርጹን ይቆርጣል፤ ከዚያ በቢላዋ፣ በመጋዝ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱን ይቀርጻል።

ትልቁን ነገር ሳያዛቡ ማሳነስ የራሱ ሕግ አለው። ለምሳሌ አንድ ለሰባ ሁለት (1:72) የሚባለው መጠን የእውነተኛው አውሮፕላን 72 ሳንቲም በሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ይህ መጠን የተለመደው ከ1932 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ጄምስ ሄይ ስቲቨንስ "ስካይበርድስ" የሚባሉትን ከእንጨትና ከብረት የሚሠሩ ሞዴሎች በዚህ ልክ ካወጣ በኋላ ነው። እንግሊዞች ርዝመትን የሚለኩት በጫማና በኢንች ስለነበረ፣ ቁመቱ 6 ጫማ የሆነ ሰው በዚህ መጠን ልክ 1 ኢንች፣ ማለት ሁለት ሳንቲም ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ለስሌት ይመቻቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች

ብዙ ሰው መጀመሪያ ትልቁ አውሮፕላን ተሠርቶ ከዚያ በኋላ ልጆች እንዲጫወቱበት ትንሹ የተሠራ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሰው ከመብረሩ መቶ ዓመት ያህል በፊት ሞዴሎች ይበሩ ነበር።

በ1804 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር የሚኖር ጆርጅ ኬይሊ የሚባል ሰው ትንሽ ተንሸራታች ሠራ። አካሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ዘንግ ሲሆን፣ ክንፉ ልጆች በክር ይዘው በነፋስ ከሚያስወጡት ወረቀት፣ በዕብራይስጥ ዓፊፎን ከምንለው የተወሰደ ነበር። ከኋላው የሚንቀሳቀስ የመስቀለኛ ቅርጽ ጅራት ነበረው። ክንፍ ከፊት፣ ጅራት ከኋላ፣ አካል በመካከል የሆነው የዛሬው አውሮፕላን ቅርጽ መነሻው ይህ ነው። ኬይሊ ከዚህ ትንሽ ሥራ ተነሥቶ በ1853 ሰው የሚይዝ ተንሸራታች እስከ መሥራት ደረሰ።

ከእሱ ቀጥሎ ቻርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ጆን ስትሪንግፌሎ የሚባል ባለሙያ ነበረ። ዕለታዊ ሥራው ለዳንቴል መሥሪያ መኪናዎች ዕቃ ማዘጋጀት ነበር፤ ማለት ከሽመና ሙያ የራቀ ሰው አልነበረም። ይህ ሰው በ1848 የክንፉ ስፋት 3 ሜትር የሆነ፣ በትንሽ የእንፋሎት ሞተር የሚሄድ ሞዴል ሠርቶ በአንድ ባዶ የዳንቴል ፋብሪካ ውስጥ ሞከረው። የታሪክ ጸሐፊዎች ምን ያህል እንደ በረረ እስካሁን ይከራከራሉ። ነገር ግን ሞተር ያለው ነገር ወደ አየር እንዲወጣ በትዕግሥት ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንደሆነ ማንም አይክድም።

ሦስተኛው በ1850 በፓሪስ የተወለደው ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ ነው። በዳሌው ሕመም ምክንያት እንደ ቤተሰቡ ወደ ባሕር ኃይል መግባት አልቻለም። ስለዚህ ጉልበቱን በእጁና በአእምሮው ላይ አዋለ። ለእንፋሎት ሞተር የሚሆን ገንዘብ ሳይፈልግ፣ ማንም ሊያገኘው የሚችለውን የተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል አድርጎ ተጠቀመ። ላስቲኩ ሲፈታ ከኋላ ያለውን ትንሽ ፕሮፔለር ያሽከረክረዋል። ነሐሴ 18 ቀን 1871 በፓሪስ በቱሊሪ የአትክልት ቦታ በሊቃውንት ፊት ያንን ሞዴል ለቀቀው። ክብደቱ 16 ግራም፣ የክንፉ ስፋት 45 ሳንቲም ብቻ ነበር። በ11 ሰኮንድ 40 ሜትር ያህል ተጓዘ። ዋናው ነገር መብረሩ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ሳይነካው ሚዛኑን ጠብቆ መሄዱ ነበር። ይህንንም ያገኘው ከኋላ ያለችውን ትንሽ ጅራት በልዩ ማዘንበያ በማስቀመጥ ነው።

የፔኖ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። በ1876 ሰው የሚይዝ ትልቅ አውሮፕላን ነድፎ ነበር፤ የሚሠራበት ገንዘብ የሚሰጠው አላገኘም። ሰዎችም ተሳለቁበት። በ1880 ገና በ30 ዓመቱ ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። እኛ በሙያችን ይህን ዓይነት ታሪክ ዝም ብለን አናልፈውም። ሕዝብ ከመካከሉ የተነሣን ብልህ ሰው ካልደገፈ ትልቅ ነገር ያጣል፤ ብልሁም ብቻውን ሲቀር ይሰበራል። ቤታችሁ ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ካለ፣ ዝም ብላችሁ አትዩት፤ ወደ እኛም ሆነ ወደምታምኑት ሰው ይዛችሁት ኑ።

አሻንጉሊቱ አሜሪካ ደረሰ

ፔኖ ከመሞቱ በፊት የሠራው ሌላ ነገር ነበር። በ1870 በላስቲክ ኃይል ወደ ላይ የሚወጣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ሠርቶ ነበር፤ የዚህ ዓይነት አሻንጉሊትም በየሱቁ ይሸጥ ጀመር። በ1878 በአሜሪካ አገር የሚኖር ሚልተን ራይት የሚባል ሰባኪ ከመንገድ ሲመለስ ከቀርከሃ፣ ከቡሽና ከወረቀት የተሠራ ይህን አሻንጉሊት ለሁለት ልጆቹ አመጣላቸው። ትልቁ ዊልበር 11 ዓመቱ፣ ታናሹ ኦርቪል 7 ዓመቱ ነበሩ። ልጆቹ "የሌሊት ወፍ" ብለው ሰየሙትና እስኪሰበር ድረስ ተጫወቱበት። ከተሰበረ በኋላ ሌላ እንዲገዛላቸው አልለመኑም፤ እያዩ ራሳቸው ሠሩ።

እዚህ ላይ ስለ እናታቸው መናገር አለብን። ሱዛን ራይት የሠረገላ ሠሪ ልጅ ነበረች። አባቷ ከጀርመን አገር ወደ አሜሪካ የፈለሰ ሰው ነው፤ እንደ እኛ ዖሌ ነበር ማለት ነው። በአባቷ መሥሪያ ቤት የዕቃን አያያዝ ተምራ ስላደገች፣ በቤት ውስጥ የተሰበረ የምትጠግን፣ ለልጆቿ መጫወቻ የምትሠራ እሷ ነበረች። ኮሌጅም ገብታ ተምራለች። የእጅ ጥበብ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጆች በዚህ መንገድ ተላለፈ።

የኦርቪል አስተማሪ በኋላ እንዳስታወሱት፣ ልጁ በክፍል ውስጥ በትንንሽ እንጨቶች ሲነካካ አግኝተውት ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። እሱም ከወንድሙ ጋር አንድ ቀን የሚበሩበትን መኪና እየሠራ እንደሆነ መለሰ። ዛሬ አንድ ልጅ እንዲህ ቢመልስ ምናልባት ለወላጅ ደብዳቤ ይላክ ነበር። ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ልጁ ምን ይሠራ እንደነበረ ጠይቁ።

ለምን ትልቁ አልበር አለ?

ሁለቱ ወንድማማቾች አሻንጉሊቱን ደግመው ሲሠሩ እያሳደጉ ሠሩት። የሚገርመው ነገር፣ እየተለቀ ሲሄድ መብረሩ እየቀነሰ መጣ። በጣም ሲተልቅማ ጭራሽ አልነሣ አለ። ምክንያቱን ያን ጊዜ አላወቁትም። በኋላ ግን ራሳቸው ጽፈውታል፦ በሁሉም በኩል እጥፍ የሆነ ነገር የሚፈልገው ኃይል እጥፍ ብቻ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው።

ይህን ነገር ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ እንስራ አለ እንበል። ቁመቱም፣ ወርዱም፣ የገላው ውፍረትም እጥፍ የሆነ ሌላ እንስራ ቢሠራ፣ የሚፈጀው ሸክላ ስንት ነው? እጥፍ አይደለም፤ ስምንት እጥፍ ነው። በድንጋይ የሚፋቀውና የሚለሰልሰው የላይኛው ገጹ ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ክብደቱ እንደ ሸክላው ስምንት እጥፍ ሲሆን፣ አየር ላይ የሚይዘው የክንፉ ገጽ ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ትንሹን ዝም ብሎ በማሳደግ ትልቁን መሥራት አይቻልም። ሁሉም ነገር እንደገና መታሰብ አለበት።

ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት በሳሙኤል ላንግሌይ ታይቷል። ላንግሌይ በዋሽንግተን የታወቀው የስሚዝሶንያን ተቋም ኃላፊና ታላቅ ሊቅ ነበር። ግንቦት 6 ቀን 1896 በእንፋሎት የሚሄደው ሰው የሌለበት ሞዴሉ በፖቶማክ ወንዝ ላይ 1,000 ሜትር ያህል በረረ። መንግሥትም 50,000 ዶላር ሰጠው። ያንኑ ቅርጽ አሳድጎ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ሠራ። በጥቅምትና በታኅሣሥ 1903 ሁለት ጊዜ ሲሞከር ሁለቱንም ጊዜ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። አብራሪው በሕይወት መትረፉ ዕድል ነው።

ራይት ወንድማማቾች ግን ብስክሌት እየጠገኑ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ገንዘባቸው ጥቂት ስለነበረ ትልቁን ከመሥራታቸው በፊት ትንሹን ደጋግመው ጠየቁት። በ1899 የክንፉ ስፋት አንድ ሜትር ተኩል በሆነ ዓፊፎን ክንፍን በመጠምዘዝ መምራት እንደሚቻል ፈተኑ። በ1900 እና በ1901 የሠሯቸው ተንሸራታቾች በመጻሕፍት እንደተጻፈው ስላልበሩላቸው፣ በ1901 መጨረሻ በብስክሌት ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ነፋስ የሚነፍስበት ሣጥን ሠሩ። ከቆርቆሮ የተቆረጡ 200 ያህል ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን አንድ በአንድ እያስገቡ መዘኑ። ሚዛኑንም የሠሩት ከአሮጌ የብረት መጋዝ ስለትና ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ነበር። በመዳፍ ላይ የሚቀመጡ እነዚህ ቁርጥራጮች የመጻሕፍቱ ቁጥር ስሕተት እንደነበረበት ነገሯቸው።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 የመጀመሪያው ሰው የያዘ፣ በሞተር የሚሄድና የሚመራ አውሮፕላን በረረ። ጊዜው 12 ሰኮንድ፣ ርቀቱ 36 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። የፔኖን ቁጥር አስታውሱ፤ 11 ሰኮንድና 40 ሜትር ነበር። አሥራ ስድስት ግራም የሚመዝነው የላስቲክ አውሮፕላን ያደረገውን ለማድረግ፣ ለሰው 32 ዓመት ፈጀበት።

የእጅ ጥበብ በክፉ እጅ

ታሪኩ ሁሉ መልካም ነው ብንል ግን እውነቱን አንናገርም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 የቬርሳይ ውል ጀርመን የጦር አውሮፕላን እንዳይኖራት ስለ ከለከለ፣ ብዙ የጀርመን ወጣቶች ወደ ተንሸራታችና ወደ ሞዴል ሥራ ዞሩ። መጀመሪያ ንጹሕ ጨዋታና ጥናት ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን የሞዴል ሥራ በትምህርት ቤትና በወጣት ማኅበር ገብቶ፣ ለአየር ኃይላቸው ወጣት ማዘጋጃ ሆነ። አይሁድ ልጆች በኅዳር 1938 ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተባረሩ። እንግዲህ አንድ ዓይነት እንጨት፣ አንድ ዓይነት ቢላዋ ለበጎም ለክፉም ይውላል። ለልጅ ሙያ ስናስተምር ለምን እንደሚውልም አብረን ማስተማር እንዳለብን ከዚህ እንማራለን።

ግማሽ ሚሊዮን ትንንሽ አውሮፕላኖች

ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል በፐርል ሃርበር መታች። በዚያው ቀን ማታ ከአንዲት የአሜሪካ መርከብ የተነሡ ስድስት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ለማረፍ ሲቀርቡ፣ በጨለማና በድንጋጤ ውስጥ የነበሩ የገዛ ወገኖቻቸው ተኮሱባቸው። ሦስት አብራሪዎች በወገን ጥይት ሞቱ። ወዳጅንና ጠላትን ለይቶ ማወቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደሆነ ሁሉም ተረዳ።

በ1942 መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ጋር ሆኖ ለአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ጥሪ አቀረበ። የተጠየቀው 500,000 የእንጨት ሞዴል ነበር። ይህም የ50 ዓይነት አውሮፕላኖች፣ ከእያንዳንዱ 10,000 ማለት ነው። መጠኑ 1:72 እንዲሆን ተወሰነ። ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል፦ እንዲህ ያለ ሞዴል ከ10 ሜትር ርቀት ሲታይ፣ እውነተኛው አውሮፕላን ከ720 ሜትር ርቀት ሲታይ ያለውን ያህል ይመስላል። ስለዚህ ወታደሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሰማይን ማጥናት ይችላል። ቀለማቸውም ጥቁር ነበር፤ ምክንያቱም አውሮፕላን ከሩቅ በሰማይ ላይ የሚታየው እንደ ጥላ ስለሆነ ነው።

ተማሪዎቹ የተላከላቸውን ሥዕልና የመለኪያ ቅርጽ ይዘው ከባዶ እንጨት ተነሡ። የተሠራው ሁሉ በመለኪያው ይፈተሻል፤ ያልተስተካከለው ይመለሳል። በሠሩት ብዛት የክብር ማዕረግ የተጻፈበት ምስክር ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። እያደር በቺካጎ ከተማ ክሩቨር የሚባል ፋብሪካ ከፕላስቲክ ያወጣቸው ሞዴሎች የእንጨቱን ቦታ ያዙ። እስከዚያ ድረስ ግን የልጆች እጅ የሠራው ነገር ለጦር ሠራዊት መማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

በመጋቢት 1942 በዋሽንግተን ከተማ በአርምስትሮንግ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የተነሡ ፎቶግራፎች አሉ። በፎቶግራፎቹ ላይ ተማሪዎች ለባሕር ኃይሉ የሚላኩ የአውሮፕላን ሞዴሎችን ሲሠሩ ይታያሉ። ይህ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን የዘር መለያየት ሕግ የጥቁሮች ብቻ ነበር። በዚያ ወር ባሕር ኃይሉ ጥቁር ሰው የሚቀበለው ለመኮንኖች ምግብ እንዲያቀርብ ብቻ ነበር። ልጆቹ ክንፉን እስከ ሚሊ ሜትር አስተካክለው የሚሠሩለት ኃይል፣ በዚያ ክንፍ ላይ እንዲቀመጡ አይፈቅድላቸውም ነበር። የባሕር ኃይሉን የበረራ ትምህርት የጨረሰው የመጀመሪያ ጥቁር አሜሪካዊ ጄሲ ብራውን ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1948 ነው።

ይህ ታሪክ የእኛንም ጉዳይ ይነካል

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙ ወጣቶቻችን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና ወደ ሙያ ክፍሎች እንዲገቡ ተደርገዋል። ሙሉ ባግሩት የሚያስገኘው መንገድ ለብዙዎቹ ጠባብ ነበር። "እነዚህ ልጆች በእጃቸው ጎበዞች ናቸው" የሚለው ቃል ምስጋና ቢመስልም፣ አንዳንድ ጊዜ በር መዝጊያ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ወላጅ "የእጅ ሥራ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢጠራጠር ትክክል ነው። እኛም የእጅ ሥራን ስናመሰግን ያንን በር እንደገና ለመዝጋት አይደለም።

ታሪኩ የሚያሳየን እጅና አእምሮ ሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዳልሆኑ ነው። ራይት ወንድማማቾች ቆርቆሮ ቆረጡ፤ በዚያው ጊዜ ቁጥር ጻፉ። ፔኖ ላስቲክ ጠመዘዘ፤ በዚያው ጊዜ የጅራቱን ማዘንበያ አሰላ። ልጅ ሞዴል ሲሠራ ማካፈል፣ ማባዛት፣ ማዕዘን መለካት ይማራል። ስለዚህ ልጃችሁ በእጁ ጎበዝ ነው ሲሏችሁ "እንግዲያው የሒሳብ ደረጃውን ከፍ አድርጉለት" በሉ እንጂ "እንግዲያው ከሒሳብ አውጡት" የሚለውን አትቀበሉ። ይህን ለመጠየቅ ሙሉ መብት አላችሁ። ቋንቋ ከቸገራችሁ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው እንዲኖር ጠይቁ።

ደግሞም ትልቁን ነገር አሳንሶ መሥራት ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በጎንደር አጠገብ በወለቃ መንደር እናቶቻችን ሰውን፣ እንስሳንና አንበሳን በትንሹ ከሸክላ ሠርተው ለጎብኚዎች ይሸጡ ነበር። ሥዕልና መለኪያ ሳይኖራቸው ልኩን በዓይናቸው ያውቁ ነበር። የዓይን ልክ የሚባለው ይህ ሀብት በቤታችሁ አለ። ልጆቻችሁ ካልጠየቋችሁ እናንተ ንገሯቸው።

በእስራኤልም የቲሳን ሥራ የቆየ ነው። መንግሥቱ ከተመሠረተ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጋድናዕ አዊር ሥር በየትምህርት ቤቱ የቲሳን ክበባት ነበሩ። ከእነዚያም ልጆች ውስጥ በኋላ ወደ አየር ኃይልና ወደ አውሮፕላን ኢንዱስትሪ የገቡ አሉ።

በቤት ውስጥ እንዴት ይጀመራል?

ሱቅ ሄዶ ውድ ሣጥን መግዛት አያስፈልግም። ለጀማሪ የሚቀለው መጠን 1:100 ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሜትር አንድ ሳንቲም ይሆናል። ለምሳሌ በሰሎሞን ዘመቻና ከዚያም በፊት ወገኖቻችንን ከሱዳን ካመጡት አውሮፕላኖች አንዱ ሄርኩለስ ነበር። የክንፉ ስፋት 40.4 ሜትር፣ ርዝመቱ 29.8 ሜትር ነው። በ1:100 ሲሠራ ክንፉ 40.4 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 29.8 ሳንቲም ይሆናል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች እናት ከጎኑ ብትቆም 1.6 ሳንቲም ትሆናለች። ልጁ ይህን ሲሠራ "እናንተ የት ተቀመጣችሁ? ስንት ሰው ነበራችሁ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ታሪኩን መንገር የእናንተ ፋንታ ነው።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ በካሬ ደብተር ወረቀት ላይ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ይነደፋል። ሁለተኛ በካርቶን ላይ ተለጥፎ ይቆረጣል። ሦስተኛ ለስላሳ እንጨት ተመርጦ በካርቶኑ ልክ ይቀረጻል፤ በዓለም ላይ ያሉ ሠሪዎች የሚወዱት ከኢኳዶር የሚመጣውንና በጣም ቀላል የሆነውን ባልሳ ነው፤ ከሌለ ግን የፍራፍሬ ሣጥን እንጨትም ይሆናል። አራተኛ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ክንፉ በኮላ ይጣበቃል፤ እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል። የሚወረወር ተንሸራታች ከሆነ ደግሞ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ ሲል ባለው ቦታ በሁለት ጣት ሲያዝ ሚዛኑን እስኪጠብቅ ድረስ አፍንጫው ላይ ትንሽ ክብደት ይጨመራል። ስለት በሚሠራበት ጊዜ አዋቂ ሰው ከልጁ ጋር ይሁን።

ሴት ልጆችንም አትርሱ። የሱዛን ራይት ታሪክ ለእነሱ ነው። ዕቃውን ለወንድሟ ሰጥታችሁ እሷን ወደ ኩሽና ብቻ አትላኩ።

ውድ ወላጆች፣ ከልጃችሁ ጋር አንድ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ እንጨት ስትቀርጹ ሁለት ነገር ይሆናል። እሱ የእናንተን እጅ ያያል፤ እናንተ ደግሞ እሱ በዕብራይስጥ የተማረውን ሒሳብ ታያላችሁ። በዚህ አገር አባት ልጁን በቋንቋ የሚጠይቅበት ዘመን ሲመጣ ብዙ ቤቶች ውስጥ ሥልጣን ይገለበጣል፤ ወላጅ ዝም ይላል። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለቱም የሚያስተምሩት አላቸው።

በሰፈራችሁ መትናስ የቲሳን ወይም የእንጨት ሥራ ሑግ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ጥቂት ቤተሰቦች ተሰብስባችሁ እንዲከፈት ማመልከት ትችላላችሁ፤ ማመልከቻውን በመጻፍ እኛ እንረዳችኋለን። በቤታችን ያለውን የእጅ ሙያ የሚያሳይ አባት ወይም እናት ካለም በሑጉ ላይ እንዲያስተምሩ እንጋብዛለን።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይባርክልን። ሻሎም።